ሥራውን የጨረሰ ዘይት ወዴት ይሄዳል? የባቡር አክስል ኩሽኔታ ቅባትና የትርፍ ዘይት አሰባሰብ ዳሰሳ

ባለአራት አክስል የጭነት ፉርጎ ስምንት ኩሽኔታ አለው፤ በእያንዳንዱ አክስል በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ። ፉርጎው ከነጭነቱ 80 ቶን ቢመዝን እያንዳንዱ ኩሽኔታ 10 ቶን ገደማ ተሸክሞ ይሠራል ማለት ነው። አርባ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር በዚህ ስሌት 320 ኩሽኔታ ይዞ ይጓዛል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ቅባት አጥቶ ቢግልና አክስሉን ቢቆርጥ ባቡሩን ከሐዲድ ለማውጣት ይበቃል። በዚህ ምክንያት የኩሽኔታ ቅባት ነገር ከባቡር ጋር አብሮ የተወለደና እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ጉዳይ ነው። ስለ ጉዳዩ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሚጨመረው ዘይት ዓይነትና መጠን ነው፤ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣው ዘይት ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ በደንብ ሲታይ ግን የአክስል ኩሽኔታ ደኅንነት የተሻሻለው ዘይቱ የሚያዝበትና የሚመለስበት መንገድ በተበጀ ቁጥር እንደሆነ ያሳያል። የዚህ ዳሰሳ ክርክርም ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ፉርጎዎች የአክስል ሳጥን ውስጥ ይከተት የነበረው ከሞራ፣ ከዘንባባ ዘይት፣ ከሶዳና ከውኃ የተቀመመ ግራሶ ነበር። ይህ ግራሶ የሚቀልጠው ኩሽኔታው መሞቅ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ባቡሩ ከቆመበት ሲነሣ ፍትጊያው ከባድ ይሆናል፤ ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ቅባቱ ከሳጥኑ እየወረደ ሐዲዱ ላይ ይቀራል። ቀስ በቀስ ቦታውን ፈሳሽ ዘይት ወሰደው። ኩሽኔታው ከላይ በአክስሉ ጫፍ ላይ የሚያርፍ የነሐስ ግማሽ ቀለበት ሆነ፤ ውስጡም አይዛክ ባቢት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 የባለቤትነት መብት ባገኘበት፣ ከቆርቆሮ፣ ከአንቲሞኒና ከመዳብ በተቀላቀለ ለስላሳ ነጭ ብረት ይለበጥ ጀመር። ከታች ያለው የሳጥኑ ክፍል በዘይት በራሰ የጥጥ ወይም የሱፍ ክር ብጥስጣሽ ይታጨቃል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ይህ ክርም ዘይቱን ከሥር ስቦ የሚሽከረከረውን አክስል ይቀባል። ዘዴው ርካሽና ቀላል በመሆኑ በሰሜን አሜሪካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆይቷል።

በዚህ ሳጥን ውስጥ የሚሆነውን ነገር ሳይንስ የደረሰበት ዘግይቶ ነው። በ1883 ቦሻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የባቡር ኩሽኔታ ፍትጊያን ሲለካ፣ አክስሉ ከሥሩ በዘይት ውስጥ እየተነከረ እንዲሽከረከር አደረገ። ከላይ ዘይት ለማንጠብጠብ በኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ ሲበሳ ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ፈልቆ ወጣ። በቡሽና በእንጨት ውታፍ ቢዘጋውም ውታፉን ገፍቶ አስወጣው። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት ኩሽኔታው ከተሸከመው አማካይ ጭነት እጥፍ የሚሆን ግፊት አገኘ። አክስሉ ሲሽከረከር ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፤ ዘይቱም በዚያ ተጨንቆ ክብደቱን ያነሣል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኒኮላይ ፔትሮቭ፣ ከካውካሰስ የሚወጣው የማዕድን ዘይት የእንስሳትና የዕፅዋት ቅባትን ይተካ እንደሆነ ሲመረምር የዘይት ፍትጊያን የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በ1886 ደግሞ ኦስቦርን ሬይኖልድስ የታወርን ግኝት በሒሳብ አብራራ፤ የእርሱ ስሌት እስከ ዛሬ የኩሽኔታ ዲዛይን መሠረት ነው። ዘመናዊው የቅባት ሳይንስ ከባቡር አክስል ሳጥን ውስጥ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ግኝት የሚከተለው ነገር ለክርክራችን ዋናው ነው። አክስሉን ከኩሽኔታው የሚለየው የዘይት ንጣፍ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር እጅግ ትንሽ ክፍልፋይ ስለሆነ፣ ንጣፉን ለመሥራት የሚበቃው ዘይት ጥቂት ነው። ሆኖም በፍትጊያ የሚፈጠረውን ሙቀት ይዞ የሚወጣም ዘይት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሠራው በኩሽኔታው ጎንና ጎን እየሾለከ የሚወጣው ትርፍ ዘይት ነው። ያ ትርፍ ከሌለ ሙቀቱ በቦታው ይታመቃል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ንጣፉ ይበጠሳል፤ ብረት ከብረት ይገናኛል። ስለዚህ ከኩሽኔታ የሚወጣ ትርፍ ዘይት የቅባቱ ሥራ አካል ነው። ጉዳት የሚመጣው የወጣው ዘይት ሳይመለስ ሲቀር ነው። በክር የሚታጨቀው ሳጥን ድክመትም እዚህ ላይ ነበር። ከኋላ በኩል አክስሉ የሚገባበት ቀዳዳ በደንብ ስለማይዘጋ ዘይቱ በዚያ እየወጣ ጠጠሩን ያጠምቃል፤ አቧራና ውኃ ደግሞ በዚያው ይገባሉ። ክሩ በብርድ ይደርቃል፤ አንዳንዴም ጫፉ ከአክስሉ ጋር ተጠቅልሎ ኩሽኔታው ሥር ይገባና ንጣፉን ይቆርጣል። የጣቢያ ሠራተኛው የሳጥኑን ክዳን እየከፈተ ዘይት ይጨምራል፤ እንዳይጎድል ፈርቶ አብዝቶ ሲያፈስም የተረፈው እንደገና መሬት ይጠጣዋል።

ለዚህ ሁለት ዓይነት መፍትሔ ተሞከረ። አንደኛው በወርክሾፕ የሚሠራ ነበር፦ አሮጌውን ክር ከሳጥኑ አውጥቶ በሞቀ ዘይት ማጠብ፣ መጭመቅ፣ ቆሻሻውንና የብረት ብናኙን ማጣራት፣ ከዚያም ክሩንም ዘይቱንም መልሶ ሥራ ላይ ማዋል። ትልልቅ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ለዚህ ብቻ የሚሠሩ ክፍሎች ነበሯቸው። ሁለተኛው መፍትሔ መመለሻውን በራሱ በሳጥኑ ውስጥ ማበጀት ነው። በአውሮፓ፣ በተለይ በፈረንሳይ የተስፋፋው ኢዞቴርሞስ የተባለው የአክስል ሳጥን ጥሩ ምሳሌ ነው። በአክስሉ ጫፍ ላይ የታሰረ መቅዘፊያ ከሥር ካለው የዘይት ጎድጓዳ እየጠለቀ ዘይቱን ወደ ላይ ይረጫል። ዘይቱም በኩሽኔታው ላይ ወርዶ አክስሉን ቀብቶና አቀዝቅዞ ተመልሶ ወደ ጎድጓዳው ይገባል። ክር የለም፤ በየጣቢያው ዘይት ማፍሰስም የለም። ያው ዘይት ደጋግሞ ስለሚዞር ሳጥኑ ሳይከፈት ረጅም ርቀት ይጓዛል። በሁለቱ መፍትሔዎች መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያው የጠፋውን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው እንዳይጠፋ ያደርጋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ዛሬ አብዛኞቹ ባቡሮች የሚሄዱት በግራሶ ተሞልቶ በታሸገ ባለሮለር ኩሽኔታ ነው፤ ታዲያ ስለ ዘይት መመለሻ ማውራት ያለፈ ዘመን ጉዳይ አይደለም ወይ? ሄንሪ ቲምከን ሾጣጣውን ሮለር ኩሽኔታ በ1898 አስመዘገበ። በ1930 ደግሞ የቲምከን ኩባንያ በሁሉም አክስሎቹ ላይ ሮለር ኩሽኔታ የተገጠመለትን ሎኮሞቲቭ አሠርቶ፣ ባቡር ሲነሣ የሚገጥመው ፍትጊያ ምን ያህል እንደሚቀንስ በተግባር አሳየ። ለውጡ ታላቅ ነው፤ የክርክራችን ማስረጃም ነው። የታሸገ ኩሽኔታ ቅባቱን ከራሱ ጋር የሚያኖር ኩሽኔታ ስለሆነ፣ የመመለሻው ሐሳብ እስከ መጨረሻው የተገፋበት ዲዛይን ነው። ግራሶ ሲበዛበት ሮለሮቹ ግራሶውን እያመሱ ኩሽኔታውን እንደሚያሞቁትም የታወቀ ስለሆነ፣ መጠኑ በሚዛን ተለክቶ ይገባል። ደግሞም ዘይት ከባቡር አልጠፋም። በብዙ ሎኮሞቲቮች ሞተሩ በአክስሉ ላይ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ለረጅም ዘመን ዘይት በሚስብ ክር ሲቀባ ኖሯል፤ የጥርስ ማርሽ ሳጥኖችና የናፍጣ ሞተሮች ዛሬም በዘይት ይሠራሉ። የታሸገውም ኩሽኔታ ለጥገና ሲከፈት አሮጌ ግራሶ ይወጣዋል፤ ያም አንድ ቦታ መድረስ አለበት።

ቸልተኝነት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ሁለት አደጋዎች ይበቃሉ። በኖቬምበር 10 ቀን 1979 በካናዳ ሚሲሳጋ ከተማ፣ ቅባት ያጣ አሮጌ ዓይነት ኩሽኔታ ግሎ አክስሉ ተቆረጠና ኬሚካል የጫነ ባቡር ከሐዲድ ወጣ። ክሎሪን ጋዝ በመውጣቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ሸሹ። ሰው አለመሞቱ ትልቅ ዕድል ነበር። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 ደግሞ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኢስት ፓለስታይን አጠገብ 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ። በዚህ ጊዜ የጋለው ዘመናዊ ባለሮለር ኩሽኔታ ነው። በሐዲዱ ዳር የተተከሉት የሙቀት መለኪያዎች ኩሽኔታው ከአካባቢው አየር መጀመሪያ በ21፣ ቀጥሎ በ57 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚበልጥ መዘገቡ። ከዚያ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሦስተኛው መለኪያ 140 ዲግሪ ሲያነብ ማስጠንቀቂያው ደረሰ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። መለኪያ የሚያየው ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱ ከኩሽኔታው ውስጥ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ከውስጥ የሚወጣውን ቅባት መመርመር የመለኪያው ተተኪ ባይሆንም ቀዳሚው ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጥራት ይነሣል፦ አንዴ የሠራ ዘይት ተቃጥሏል፤ መልሶ ኩሽኔታ ውስጥ መክተት ለአደጋ መጋበዝ ነው ይባላል። ስጋቱ ሳይጣራ ለሚመለስ ዘይት እውነት ነው። ነገር ግን ዘይት ሲሠራ በአብዛኛው የሚሆነው መቆሸሽ ነው፤ ውኃ፣ አቧራና የብረት ብናኝ ይገቡበታል፤ የተጨመሩበት ማጠናከሪያዎችም ያልቃሉ። ውኃውን በሙቀት ማውጣት፣ ብናኙን በሚሽከረከር ማጥለያና በማጣሪያ መለየት ይቻላል፤ ወደ ፋብሪካ ሄዶ እንደገና ሲነጠር ደግሞ እንደ አዲስ ቤዝ ዘይት ያገለግላል። ፈተናውን ያላለፈው ዝቅ ላለ ሥራ ይውላል። ከዚህም በላይ ተሰብስቦ የሚመረመር ዘይት ምስክር ነው። ዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ የተባለው የአሜሪካ ባቡር ኩባንያ በ1940ዎቹ በናፍጣ ሎኮሞቲቮቹ ዘይት ውስጥ ያሉትን የብረት ዓይነቶች በብርሃን መመርመሪያ መለካት ሲጀምር፣ መዳብ ወይም እርሳስ ሲበዛ የትኛው ኩሽኔታ እየተበላ እንደሆነ ሞተሩ ሳይፈታ ማወቅ ተችሏል። ዘዴው በኋላ ወደ አውሮፕላን ሞተሮችና ወደ ሌሎች ኢንዱስትሪዎች ተሻግሯል። መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት ይህን ሊነግረን አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ከአንድ ኩሽኔታ የምትንጠባጠብ ዘይት ለድካሙ አትመጥንም የሚል። በላይ ባነሣነው 320 ኩሽኔታ ባለው ባቡር ላይ፣ ለምሳሌ እያንዳንዱ በሳምንት 50 ግራም ብቻ ያፈስሳል ብለን እንገምት። በሳምንት 16 ኪሎ፣ በዓመት ከ830 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ይህም አንድ ባቡር ብቻ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው 2.4 ሊትር ያህል የሚቀባ ዘይት ለማግኘት 159 ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ሲያስፈልግ፣ ያንኑ ያህል ከ3.8 ሊትር አሮጌ ዘይት ማግኘት ይቻላል። ያው መሥሪያ ቤት አንድ ጋሎን አሮጌ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል አገሮች አሮጌ ዘይትን ያለ ጉዳት እንዲሰበስቡና እንዲያስወግዱ በ1975 በመመሪያ ግዴታ የገቡትም ሒሳቡን ስላዩ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መሠራት የጀመረውና በ1917 አዲስ አበባ የገባው አሮጌው መስመር ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ በሙቀትና በአቧራ ውስጥ ይወርድ ነበር፤ ዛሬም በኤሌክትሪክ የሚሠራው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አዲሱ መስመር እንዲሁ ይወርዳል፤ ሙቀቱም አቧራውም የቅባት ጠላቶች ናቸው። የሚቀባ ዘይት የምናስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ጋራዦቻችን የተቃጠለ ዘይት አይጥሉም፤ ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ለመቀባት ይሸጣል ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ልማዱ ቁጠባን ያሳያል፤ ነገር ግን በዘይቱ ውስጥ ያለው ብረትና ጥላሸት ከእንጨቱ ወደ አፈርና ወደ ሠራተኛው ቆዳ ይገባል፤ ተነጥሮ መመለስ የሚችለውም ሀብት በዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ማንኛውም የባቡር ድርጅት በጥገና መዝገቡ ላይ የተጨመረውን ዘይትና ግራሶ ብቻ ሳይሆን የተመለሰውንም ሊጽፍ ይገባል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የትኛው ማኅተም እንደሚያፈስስ፣ የትኛው ኩሽኔታ እንደሚበላ፣ የትኛው መሬት እንደተበከለ ይናገራል። መሰብሰቢያ በርሜል፣ ውኃና ብናኝ የሚለይ ማጣሪያ፣ ናሙና የሚመረምር ቤተ ሙከራና ዘይቱን የሚረከብ ማንጠሪያ ከባቡሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ወጪ ናቸው። አዲስ የጥገና ማእከል የሚያቅዱ መሐንዲሶች እነዚህን ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ ያስገቧቸው።