ራስን ስለ መውደድና ስለ እግዚአብሔር ጸጋ

ሁለት ወንድማማች ልጆች አንድ ዳቦ ሲካፈሉ ቈራሹ ትልቁን ወገን ለራሱ ያስቀራል። ይህን ማንም አላስተማረውም። እናቱ ያስተማረችው ለወንድሙ እኩል እንዲያካፍል ነው፤ እጁ ግን በገዛ ራሱ ወደ ትልቁ ወገን ይሄዳል። ሰው በባሕርዩ ራሱን ይወዳል ማለት ይህ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ የሚቈረሰው ነገር ይለወጣል፤ በዳቦው ፈንታ ርስት፥ ሹመት፥ ገንዘብ፥ ክብር ይሆናል። የሚቈርሰው እጅ ግን ያው እጅ ነው።

ስለዚህ የክርስቲያን ሃይማኖት ሰውን «አስቀድመህ ራስህን አሻሽል፥ ከዚያም ና» ብሎ አይጠራውም። ራሱን የሚወድ ልብ በራሱ ኃይል ራሱን መተው አይችልም። ረግረግ የዋጠው ሰው ከዳር የቆመ ሌላ ሰው እጁን ካልዘረጋለት አይወጣም። ይህ የተዘረጋ እጅ ጸጋ ይባላል፤ ጸጋ ማለት ሰው ሳይገባው በነጻ የሚቀበለው የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ስጦታውን የሚቀበል ሰው ግን የጨበጠውን መልቀቅ አለበት፤ አስቸጋሪውም ነገር ይህ ነው።

እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ ባለቤቱ በእልፍኝ ያስቀምጠዋል። እግሩን ያጥብለታል፥ ያበላዋል፥ ያጠጣዋል፤ ጓዳውን ግን አያሳየውም። ማሩም ገንዘቡም ያለው በጓዳ ነው። ብዙ ሰዎች እግዚአብሔርን እንደዚህ ያለ እንግዳ ያደርጉታል። በእልፍኙ ጸሎትና መዝሙር ይሰማል፤ የጓዳው ቍልፍ ግን በባለቤቱ መቀነት እንደ ታሰረ ይቀራል።

የዚህ ነገር ምስክር ጆን ኒውተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እርሱም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1725 ዓ. ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። እናቱ ጸሎት ታስተምረው ነበር፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት። አባቱ የመርከብ አለቃ ነበረና በ11 ዓመቱ ወደ ባሕር ወሰደው። ካደገም በኋላ አለቃ የማያከብር፥ የእግዚአብሔርን ስም የሚሰድብ ሰው ሆነ። በጦር መርከብ ሲያገለግል ከድቶ ስለ ተያዘ ተገረፈ። ከዚያም በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በአንድ የባሪያ ነጋዴ ቤት አደረ። በዚያ ቤት ታመመ፥ ተራበ፥ ተናቀም። በዚያን ጊዜ በሰንሰለት የታሰሩ ባሮች ከጥቂቱ ምግባቸው ከፍለው በስውር ይሰጡት ነበር። ይህን ኋላ በራሱ እጅ ጽፎታል።

በ1748 ዓ. ም. በመጋቢት ወር ግሬይሀውንድ በምትባል መርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ በሌሊት ታላቅ ማዕበል ተነሣ። የመርከቢቱ ጎን ተሰበረና ውኃ ገባ። ኒውተን ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አለቃው ቢላዋ እንዲያመጣ መለሰው፤ በእርሱ ስፍራ የወጣውን ሰው ግን ማዕበሉ ወዲያው ጠርጎ ወሰደው። ከጭነቱ ብዙው ሰምና እንጨት ነበረ፤ ይህም ከውኃ የቀለለ ስለ ሆነ መርከቢቱ ፈጥና አልሰጠመችም። ኒውተንም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ውኃውን ሲያፈስ ዋለ። በዚያ ድካም መካከል፥ ሳያስበው፥ እግዚአብሔር እንዲምራቸው የሚለምን ቃል ከአፉ ወጣ። የገዛ ቃሉንም ሰምቶ ደነገጠ፤ የጠራው ያን ለብዙ ዓመት የሰደበውን ስም ነበረና። ከአራት ሳምንት በኋላ መርከቢቱ ተሰባብራ አየርላንድ ደረሰች። ኒውተን ያን ቀን እስከ ሽምግልናው ድረስ በየዓመቱ በጸሎት ያስበው ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ለአንባቢ ደስ ባሰኘ ነበር፤ ግን አልተፈጸመም።

ከማዕበሉ በኋላ ኒውተን ስድቡን ተወ፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ያነብ ጀመር። ነገር ግን ከ1750 እስከ 1754 ዓ. ም. ድረስ የባሪያ መርከብ አለቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ወደ አፍሪካ ሄደ። እሑድ በሆነ ጊዜ መርከበኞቹን ሰብስቦ ይጸልይ ነበር። ከእግራቸው በታች፥ በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ፥ ወንዶች ሁለት ሁለት ሆነው በሰንሰለት ታስረው ነበር፤ ስፍራው ከመጥበቡ የተነሣ መገላበጥ አይችሉም፥ አየሩም የሚያፍን ነበረ። ብዙዎች በመንገድ ይሞቱ ነበር፤ ሬሳቸውም ወደ ባሕር ይጣል ነበር። የቀሩት በካሪብ ባሕር ደሴቶች ይሸጡ ነበር።

ኒውተን በጸሎቱ ሰውን ሊያታልል ፈልጎ አልነበረም። ንግዱ በአገሩ የተከበረ ነበረ፤ የሚያስተዳድረውም ጥቅም ዓይኑን ሸፍኖበት ነበር። ራስን መውደድ በስድብና በስካር ብቻ የሚታይ ቢሆን ለማወቅ ቀላል በሆነ ነበር፤ ገንዘብ በሚገባበት በር አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሥራ፥ ኑሮ፥ የአገር ልማድ የሚባል ስም ያገኛል። በ1754 ዓ. ም. መርከቡን እንዲተው ያደረገው እንኳ በድንገት የያዘው ሕመም ነው እንጂ ኅሊናው አልነበረም።

በ1764 ዓ. ም. ቄስ ሆነ፥ ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማም ያገለግል ጀመር። ስለ ድንቅ ጸጋ የሚናገረውን፥ እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ የሚዘመረውን መዝሙር ለ1773 ዓ. ም. የፈረንጆች አዲስ ዓመት ያዘጋጀው በዚያ ነው። በዚያም ጊዜ ገና ስለ ባሮቹ በአደባባይ አልተናገረም ነበር።

በወንጌል እንደ ተጻፈ ቀራጩ ዘኬዎስ ክርስቶስ ወደ ቤቱ በገባበት ቀን የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ፥ ለበደላቸውም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ጓዳውን በዚያው ቀን ከፈተ ማለት ነው። ለኒውተን ግን ከማዕበሉ ሌሊት ጀምሮ 40 ዓመት ፈጀበት። በ1788 ዓ. ም. ስለ ባሪያ ንግድ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመርከብ ያየውንና በእጁ ያደረገውን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ኑዛዜው እጅግ እንደ ዘገየም አመነ። በዚያን ጊዜ በሎንዶን የተከበረ ሰባኪ ነበረ፤ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ነገር ግን በመንግሥት ሸንጎ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ንግዱ እንዲቀር በምክር ቤት ይከራከር ለነበረው ለዊልያም ዊልበርፎርስም ወዳጅና መካሪ ሆነው።

በመጋቢት 1807 ዓ. ም. እንግሊዞች በባሪያ መነገድን በሕግ ከለከሉ። ኒውተን ዓይኑ ፈዝዞ፥ 82 ዓመት ሞልቶት፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሞተ። ለመቃብሩ ድንጋይ የሚሆነውን ጽሑፍ አስቀድሞ ራሱ አዘጋጅቶ ነበር፤ በእርሱም የቀድሞ ክሕደቱንና በአፍሪካ የባሮች ባሪያ እንደ ነበረ፥ በክርስቶስም ምሕረት ይቅር እንደ ተባለ እንዲቀረጽ አዘዘ። በመርከቡ ከተሻገሩት ሰዎችና ከልጆቻቸው ግን በደሴቶቹ የሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት የቀሩ ነበሩ፤ ሕጉ መሸጥና መግዛትን እንጂ ባርነትን አላስቀረምና። ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ በዚያ በሥራ የዋለው በ1834 ዓ. ም. ነው።