አዲስ የተገጠመ ባትሪና ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ ለምን አብሮ ይጠፋል?

በጂቡቲ ከተማ በሞቃታማዎቹ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። በዚህ ወቅት መብራት ሲጠፋ ማራገቢያ ይቆማል፤ ምግብ ወይም ኢንሱሊን የተቀመጠበት ፍሪጅም መሞቅ ይጀምራል።

አገሪቱ እአአ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ ከፍተኛ የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ኤሌክትሪክ ታስገባለች። መስመሩ ወይም የከተማዋ ስርጭት ሲታወክ፣ እንደ ካርቲየ 1 ባሉ ሰፈሮች ለሚኖር ቤተሰብ ባትሪና ኢንቨርተር አንድ አማራጭ ነው። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ በተፈለገበት ሰዓት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ምክንያቱ ሁልጊዜ የመሣሪያው ብልሽት አይደለም።

የመጀመሪያው ፍተሻ፦ ጭነት

ኢንቨርተሩ መብራት በጠፋ በሰከንዶች ውስጥ የሚዘጋ ከሆነ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ነው። የፍሪጅና የኤይር ኮንዲሽነር ሞተሮች ሲነሱ ከመደበኛ ፍጆታቸው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባሉ። ሁሉንም ዕቃ አጥፍቶ አንድ በአንድ ማብራት ችግሩን የሚፈጥረውን ለመለየት ይረዳል።

ባትሪው ሞልቶ ሳለ ኢንቨርተሩ “ባዶ ነው” ካለ ደግሞ ኬብሉ መታየት አለበት። በ48 ቮልት ባትሪ 3 ኪሎዋት ለማግኘት ከ60 አምፔር በላይ ያልፋል። ቀጭን ኬብል ወይም ያልጠበቀ ማሰሪያ ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ቮልቴጁም መንገድ ላይ ይወርዳል። ባለሙያ ጭነት ባለበት ሰዓት በባትሪውና በኢንቨርተሩ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለክቶ ልዩነቱን ማወቅ ይችላል።

የተሳሳተ ቅንብር

ብዙ ኢንቨርተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ለሊድ አሲድ ባትሪ የተቃኙ ናቸው። ሊቲየም ባትሪ ሲገጠም የባትሪው ዓይነትና የመሙያ ቮልቴጁ ካልተቀየረ ባትሪው በአግባቡ ላይሞላ፣ ወይም የራሱ መቆጣጠሪያ ሊዘጋው ይችላል። ሁለቱን የሚያገናኘው የመረጃ ኬብል ከኢንተርኔት ኬብል ጋር ቢመሳሰልም የውስጥ ሽቦዎቹ አደራደር ከአምራች አምራች ይለያያል።

መብራት እያለ ኢንቨርተሩ ደጋግሞ ወደ ባትሪ የሚዞር ከሆነ የሚቀበለው የቮልቴጅ ወሰን ጠቦ ሊሆን ይችላል። ወሰኑን ማስፋት ባትሪውን ያሳርፋል፤ ሆኖም እንደ ኮምፒውተር ያሉ ዕቃዎችን ለቮልቴጅ መዋዠቅ ያጋልጣል።

ሙቀትና ልክ

ኢንቨርተር ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ኃይሉን ይቀንሳል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ጋር መግጠም አይመከርም። ጨዋማው የባሕር አየርም ማሰሪያዎችን ስለሚያዝግ በየጊዜው ሊታዩ ይገባል።

አንዳንዴ ጉድለቱ ከስሌት ነው። 5 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ 80 በመቶው ቢወሰድ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። ይህ 300 ዋት ለሚወስዱ ፍሪጅ፣ ማራገቢያዎችና አምፖሎች 12 ሰዓት ገደማ ይበቃል። 1 ኪሎዋት የሚወስድ ኤይር ኮንዲሽነር ግን 4 ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ነዋሪው የማይነካው

ኢንቨርተሩ ቢጠፋም የባትሪው ጫፎች ኃይል አላቸው። ባትሪው ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም ከጋለ ሰዎች ከአካባቢው መራቅና ባለሙያ መጥራት አለባቸው። የኢንቨርተሩን ውጤት በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር መመለስም ፈጽሞ አይገባም፤ ኃይሉ ወደ ውጭ ወጥቶ መስመር የሚጠግን ሠራተኛን ሊገድል ይችላል።

ገጣሚውን ከመጥራት በፊት በስክሪኑ ላይ የታየውን የስህተት ቁጥር፣ ሰዓቱንና በዚያ ወቅት ይሠሩ የነበሩትን ዕቃዎች መመዝገብ ፍለጋውን ያሳጥራል፤ በዋስትና ጊዜ ውስጥ ለሚነሳ ጥያቄም ማስረጃ ይሆናል።