በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድን ሰው እግሩን ምን ላይ ያሳርፍ? ከሮም የዱር አሳማዎች ጋር የመጣው ጥያቄ

በአውሮፓውያኑ ግንቦት 2022 መጀመሪያ ላይ፣ በሮም ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የኢንሱገራታ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ፣ ከአንድ የዱር አሳማ በተወሰደ ናሙና የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ ተገኘ። ከዚያ ቀደም የሮም ነዋሪዎች የዱር አሳማዎቹን የሚያውቋቸው ግልገሎቻቸውን አስከትለው በቆሻሻ ገንዳዎች ዙሪያ ሲርመሰመሱና የመኪና መንገድ ሲያቋርጡ ነበር። ጉዳዩ የሳቅና የተንቀሳቃሽ ምስል ወሬ መሆኑ ያበቃው ያን ጊዜ ነው።

ቫይረሱ ሰውን አያጠቃም። የቤትና የዱር አሳማን ግን በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ የጣልያንን የአሳማ ሥጋ ንግድም ሥጋት ላይ ይጥላል። ስሙ እንደሚያመለክተው መነሻው አፍሪካ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው በ1921 በኬንያ ሲሆን፣ የእኛው ከርከሮ ቫይረሱን ተሸክሞ ሳይታመም መኖር ይችላል። የአውሮፓ የዱር አሳማ ይህ ጸጋ የለውም።

ከዚህ በኋላ የዱር አሳማን ቁጥር መቀነስ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በታኅሣሥ 2022 የወጣው የጣልያን የበጀት ሕግ፣ የ1992ቱን የአደን ሕግ አሻሽሎ፣ ክልሎች በከተማና በጥብቅ ሥፍራዎች ጭምር የዱር እንስሳትን ቁጥር እንዲቆጣጠሩ ፈቀደ። ሕጉ ይህንን ተግባር "አደን" ብሎ አይጠራውም። በጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ተራ አዳኝ ጠመንጃውን አንግቦ መግባት ዛሬም አይችልም፤ ከዚያ ውጭ ባለው ገጠር ግን ፈቃድ ያለው ሰው በወቅቱ ያድናል።

ከፍ ማለት ለምን ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ ገበሬ ማሽላውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ይሠራል። የጣልያን አዳኝም ከፍ ብሎ ለመጠበቅ የሚሠራው ተመሳሳይ ማማ አለው፤ "አልታና" ይለዋል። ምክንያቱ ግን ሩቅ ማየት ብቻ አይደለም። የዱር አሳማ ዓይኑ ደካማ፣ አፍንጫው ግን እጅግ ስለታም ነው። ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው ጠረኑ ከእንስሳው በላይ ሊያልፍለት ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሮምን በመሰለ ከተማ አቅራቢያ ደግሞ ዋነኛው ይኸው ነው። ከላይ ወደ ታች የተተኮሰ ጥይት ዒላማውን ቢስትም መሬት ውስጥ ይቀበራል። በመሬት ላይ ቆሞ የተተኮሰው ግን የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። የጣልያን ሕግ ከሕንፃ 100 ሜትር፣ ከመንገድ 50 ሜትር ባልራቀ ቦታ ማደንን ይከለክላል። ወደ ቤቶችና ወደ መንገዶች አቅጣጫ ለመተኮስም ቢያንስ 150 ሜትር መራቅን፣ ለረጅም ርቀት መሣሪያ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ርቀትን ይጠይቃል። ይኸው ሕግ በቀስት ማደንንም ይፈቅዳል።

ማማ ግን ቋሚ ነው። እንስሳቱ መንገዳቸውን ሲቀይሩ አብሮ አይሄድም። በአሜሪካ ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተጀመረውና ባለፉት ዓመታት የተስፋፋው "የዛፍ ኮርቻ" ለዚህ መልስ ሆኖ መጣ። ኮርቻ ይባል እንጂ ፈረስ ላይ የሚጫን አይደለም። ዳሌንና መቀመጫን የሚያቅፍ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ሲሆን፣ ከፊቱ በሚወጣ ገመድ ከግንዱ ጋር ይታሰራል። አዳኙ ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ ይጠብቃል። ዕቃው በጀርባ ቦርሳ ይገባል፤ ማታ ተፈትቶ ወደ ቤት ይመለሳል።

የደብረ ዳሞ ትምህርት

የዚህን አሠራር ምሥጢር ለመረዳት ደብረ ዳሞን ማስታወስ ይጠቅማል። በትግራይ የሚገኘውን ይህን ጥንታዊ ገዳም የሚሳለሙ ወንዶች፣ 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል የሚወጡት የቆዳ ጠፍር ይዘው፣ ሌላ ጠፍር ወገባቸው ላይ ታስሮላቸው ነው። የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ አለቱን የተጠጋ ይንሸራተታል፤ ደፍሮ ወደ ኋላ የተንጋለለና እግሩን በአለቱ ላይ የተከለ ግን ይጸናል። ገመዱ ክብደትን ይሸከማል፤ ሚዛንን የሚሰጠው ግን እግር ነው።

በዛፍ ኮርቻም እንዲሁ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ገንዘባቸውን በኮርቻው ላይ አፍስሰው የእግር መርገጫውን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። ለሦስትና ለአራት ሰዓታት የሚቆይ ሰው መጀመሪያ የሚያመው ዳሌው ወይም የእግሩ መዳፍ ነው፤ ሁለቱንም የሚወስነው መርገጫው ነው።

አደጋም አለው። እግሩ የሚያርፍበት አጥቶ በቀበቶ የተንጠለጠለ ሰው፣ የባት ጡንቻዎቹ ስለማይንቀሳቀሱ ደሙ በእግሮቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳኞች መርገጫቸው ቢወድቅ እግራቸውን የሚያስገቡበት ትርፍ የገመድ ቀለበት ከኪሳቸው አይለይም።

መድረክ ወይስ የዙሪያ መርገጫ?

አማራጮቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ትንሽ የብረት መድረክ ነው፤ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ30 በ35 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በጠፍር ከግንዱ ጋር ይታሰርና ወደ ታች ሲረገጥ ጥርሶቹ ቅርፊቱን ነክሰው ይይዛሉ። ሙሉ የእግር መዳፍ ስለሚያርፍበት ለረጅም ጥበቃ የተመቸ ነው። ወደ ኋላ ለሚንጋለል ሰው ደግሞ ኃይሉ መድረኩን ወደ ግንዱ ስለሚገፋው የበለጠ ይጠብቃል።

ድክመቱ በጎን ነው። የዱር አሳማ በመንጋ ስለሚጓዝ ከየት በኩል ብቅ እንደሚል አስቀድሞ መናገር ያስቸግራል። ከኋላ ወይም ከቀኝ ሲመጣ አዳኙ ግንዱን መዞር አለበት። መድረኩን ጠርዙ ላይ በጎን የረገጠ ሰው ሊያሽከረክረው፣ አንዳንዴም ከግንዱ ሊያስለቅቀው ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ በአንድ ጠፍር ላይ የተሰካኩ፣ ግንዱን የሚከቡ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ትንንሽ መርገጫዎች ናቸው። በእነርሱ ላይ ዛፉን እየዞሩ በሁሉም አቅጣጫ መተኮስ ይቻላል። ዋጋው የሚከፈለው በመዳፍ ነው፤ ጠባብ ብረት የእግርን መሐል ይቆረቁራል። ይህን የመረጠ ሰው ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማ ሊያደርግ ይገባል። በስፖርት ጫማ የሞከረው ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለ አደኑ ሳይሆን ስለ እግሩ ማሰብ ይጀምራል።

አቀማመጥም ምርጫውን ይወስናል። ቆሞ መንጋለል የሚወድ መድረክ ይሻለዋል። ጉልበቱን ከግንዱ አስደግፎ መቀመጥ የሚመርጥ ግን የጉልበት መከላከያ ካደረገ በዙሪያ መርገጫ ሊረካ ይችላል። ሁለቱን አቀማመጦች እየቀያየሩ መቆየት ከሁሉም ይመረጣል፤ ለዚህም መድረክ ላይ አንድ ሁለት የጎን መርገጫ የሚጨምሩ አሉ። ክብደቱ ይጨምራል፤ ያም ሆኖ በእርጅና ወይም በጉልበት ሕመም ላለ ሰው ተገቢ ይመስላል።

የሮም ዛፎች

በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ለሮም ዛፎች እንዳለ አይሠራም። የከተማዋ መለያ የሆነው ጃንጥላ መሳይ ጥድ ግንዱ ረጅምና ቅርንጫፍ አልባ ነው። ቅርፊቱ ግን በትላልቅ ቅርፍቶች የተነባበረ በመሆኑ ከመርገጫ ሥር ተፈርፍሮ ሊወድቅ ይችላል፤ ያረጀው ደግሞ ከጠፍሩ ርዝመት በላይ ወፍራም ነው። ኢንሱገራታ ስሙን ያገኘው ከቡሽ ዛፍ ነው። የቡሽ ቅርፊት ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ጠፍሩ በክብደት እየሰመጠ ይላላል። በእንዲህ ዓይነት ግንድ ላይ ከቆሙ በኋላ ጠፍሩን እንደገና መወጠር ግድ ነው። ጠንከር ያለ ቅርፊት ያላቸው የላዚዮ የባሉጥ ዛፎች የተሻሉ ናቸው። በየትኛውም ዛፍ ላይ በብሎን የሚሰካ መርገጫ ግንዱን ስለሚያቆስል በጠፍር የሚታሰረው ይመረጣል።

የቱም ቢመረጥ፣ መጀመሪያ በጉልበት ከፍታ ላይ አስሮ በሙሉ ክብደት በየጠርዙ መርገጥ ያስፈልጋል። በአምራቹ የተጻፈው የክብደት ጣሪያ የአዳኙን ብቻ ሳይሆን የልብሱን፣ የቦርሳውንና የመሣሪያውን ክብደት ጭምር የሚመለከት ነው። ብረት ከብረት ሲነካካ የሚያሰማው ድምፅም አሳማውን ያባርራል፤ መጋጠሚያዎቹን በጨርቅ ወይም በገመድ መጠቅለል ይበቃል።

በጣልያን የተመረጡ ትላልቅ እንስሳትን አደን ሕጉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ይፈቅዳል። ይህ ማለት አብዛኛው አዳኝ የሚወርደው በጨለማ፣ እግሩ ደንዝዞ ነው። ከመድረኩ ወደ መሰላሉ የሚደረገው የመጀመሪያው እርምጃ ክብደቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቅጽበት ነው። የመብራት ሠራተኞች ምሰሶ ሲወጡ እንደሚያደርጉት፣ ግንዱን የሚያቅፈው የወገብ ገመድ ሳይታሰር ከላይ ያለው ማሰሪያ መፈታት የለበትም። እግሩ የመሰላሉን እርከን ማግኘቱን በመብራት አይቶ ማረጋገጥም፣ አሳማው ቢያመልጥም እንኳ፣ የሚያስከፍለው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።