ተጨማሪ መረጃ፦ የተሰረቀ ጀግንነት

ስርቆት ሲባል ኅሊናችን አስቀድሞ የሚያስበው ከኪስ የተወሰደውን ገንዘብ ወይም ከበረት የተነዳውን ከብት ቢሆንም፣ ባልዋለበት ጦር ሜዳ ዘምቻለሁ፣ ያልተሸለመውን ኒሻን ተሸልሜያለሁ የሚል ሰው፣ ስለ ስርቆትና ስለ ሐሰት ምስክርነት የተሰጡትን ሁለት ትእዛዛት በአንድ ቃል ይሽራልና፣ አሜሪካውያን ይህን እኩይ ግብር «የተሰረቀ ጀግንነት» ብለው ሰየሙት። በእኔ አስተያየት ከኪስ ሌብነት ይከፋል፤ በጦርነት የወደቀው ባለመብት ተነሥቶ ክብሬን መልሱልኝ አይልምና። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸናው ሕጋቸው ስለ ኒሻን መዋሸትን ብቻውን ወንጀል አድርጎት ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ከንግግር ነጻነት ጋር ይጋጫል ሲል ሻረው። በ2013 የተተካው ሕግ ግን፣ በተለዩ የጀግንነት ኒሻኖች ስም ዋሽቶ ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ሌላ ተጨባጭ ጥቅም ሊያገኝ ያሰበውን እስከ 1 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል።