ዓይኔ ነው ወይስ ቁልፉ?

እስኪ ላፕቶፓችሁን ክፈቱና ቁልፎቹን በደንብ እዩዋቸው። ስንቱ ፊደል ቀርቷል? የእኔ ላይ «ኤ» ጨርሶ የለም፣ «ኤስ» የትል ዱካ መስሏል፣ «ኤን»ን ደግሞ «ኤም» አጠገብ ስላለ ብቻ ነው የምታውቁት።

መጀመሪያ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፕሮፖዛልና ማስታወቂያ ስጽፍ ስለምውል ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል። ላፕቶፑ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ጀሞ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ስደርስ እማዬ ትረከበኛለች። የእድራችን ጸሐፊ ናት፤ ቃለ ጉባኤውን፣ የመዋጮ ዝርዝሩን፣ ደረጃው ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት።

ከጥቂት ወራት በፊት ቃለ ጉባኤውን በእጅ መጻፍ ጀመረች። «ምነው እማዬ?» ስላት «ዓይኔ ደከመብኝ ልጄ» አለችኝ። ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሮ መነጽሯ ልክ እንደሆነ፣ መለወጥ እንደማያስፈልገው ነገረን። እማዬ ግን አላመነችውም። ቤት ገብታ ደብተሯን አወጣች።

አንድ ቅዳሜ ማታ ለምኜ ላፕቶፑ ፊት አስቀመጥኳትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «የ»ን ለመጻፍ ሦስት ቁልፍ ሞክራ ሦስቱንም አጠፋች። ከዚያ ጣቷን አየር ላይ አንጠልጥላ ቆየች። ያኔ ገባኝ። ዓይኗ ደህና ነው፤ የሚነበብ ፊደል ነው የጠፋው።

የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። እማዬ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበረች። ኦሊቬቲዋ ላይ ቁልፉን ሳታይ፣ ከአለቃዋ ጋር እያወራች ትጽፍ ነበር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የቁልፍ አደራደር ግን ከላፕቶፕ ጋር አይገናኝም። ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ፊደላችን ቁልፎቹ ላይ ስለማይበቃ፣ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ከክፍልፋዮች አገጣጥሞ የመጻፍ ዘዴ መፍጠር ነበረባቸው። ዛሬ በላፕቶፕ የምንጽፈው በእንግሊዝኛው ቁልፍ፣ በድምፁ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ የእማዬ ልምድ እዚህ አልሠራላትም፤ ቁልፉን እያየች አንድ በአንድ መልቀም ነበረባት። ፊደሉ ሲጠፋ ደግሞ እሱም ቀረ።

አማርኛ የሚጻፍበት ኪቦርድ የሚያልቀው በራሱ መንገድ መሆኑንም ያኔ ነው ልብ ያልኩት። «ሰላም» ለማለት አምስት ጊዜ ትጫናላችሁ፤ ከአምስቱ ሁለቱ አናባቢ ናቸው። አናባቢዎቹ ላይ ያለው ሥራ ይበዛል። «የ» በአማርኛ በየቃሉ መጀመሪያ ስለምትመጣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ደህና የሚቆየው «ዋይ» እኛ ቤት ቀድሞ ይጠፋል።

ለምን ይጠፋል? ብዙ ርካሽ ኪቦርዶች ላይ ፊደሉ ከላይ የታተመ ስስ ቀለም ነው። መብራት ያላቸው ኪቦርዶች ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጥቁር ተቀብተው ፊደሉ በሌዘር የተፋቀ ነው፤ እዚያ ላይ የሚላጠው ጥቁሩ ቀለም ስለሆነ ፊደሉ እየሰፋ ሄዶ ቁልፉ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ሁለቱንም የሚያደክማቸው የጣት ወዝ፣ ሎሽን፣ ጥፍርና ሳኒታይዘር ነው። እጃችሁን በሳኒታይዘር አሽታችሁ ሳይደርቅ መጻፍ የምትጀምሩ ከሆነ፣ ቁልፉን በየቀኑ በአልኮል እያጠባችሁት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። እኔ የጀመርኩት ከስህተቱ ነው። ነጭ ማርከር ገዝቼ ፊደሎቹን ጻፍኩባቸው፤ ሳምንት ሳይሞላው እማዬ ጣቶች ላይ ተገኘ። ላጥራው ብዬ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላነሳ ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ አስቆመችኝ። አሴቶን ያለበት ማስለቀቂያ የብዙ ኪቦርዶችን ፕላስቲክ ያቀልጣል። እባካችሁ አትሞክሩት፤ በረኪናም እንደዚያው።

ቀጥሎ ጥገና ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ባለሙያ ሳያየው «እህቴ፣ ሙሉ ኪቦርዱ መለወጥ አለበት» አለኝ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ቁልፉ ሲጫኑት የሚሠራ ከሆነ የጠፋው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ለዚያ ኪቦርድ አይለወጥም። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ መለወጥ ማለት ማሽኑን በሙሉ መፍታት ነው። የግድ ከሆነም ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁልፉን የሚይዙት ስስ የፕላስቲክ ክንፎች ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ፣ በቢላ ሲፈለቀቁም ይሰበራሉ።

ሁለተኛው ጠጋኝ ሳቅ ብሎ ስቲከር አወጣልኝ። የእንግሊዝኛው ፊደል በትልቁ፣ ከጎኑ የግዕዙ ፊደል ያለበት፣ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ። ማሸጊያው ላይ «ዘላቂ» ይላል፤ ይህን ቃል እኔም ብዙ ማስታወቂያ ላይ ስለጻፍኩት እጠራጠረዋለሁ፣ ግን ገዛሁት።

የግዕዝ ስቲከር ስትመርጡ ከምትጠቀሙበት የአማርኛ መጻፊያ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። የፓወር ግዕዝና ዊንዶውስ ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ አንድ አይደሉም፤ የማይገጥም ስቲከር ከባዶ ቁልፍ ይብሳል። ኪቦርዳችሁ መብራት ካለው ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፈውን ዓይነት ጠይቁ። አለጣጠፉ እንዲህ ነው፦ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት አልኮል አርጥባችሁ (ቁልፉ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ) ወዙን ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ስቲከሩን በጣት ሳይሆን በወረንጦ ያዙት፤ የጣት ወዝ ሙጫውን ያበላሸዋል። «ኤፍ» እና «ጄ» ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ሳያዩ የሚጽፉ ሰዎች ጣታቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ስለሆነ እነዚህን ሁለቱን ከቻላችሁ ሳትሸፍኑ ተዉዋቸው። እማዬ ይህን ስታውቅ ደስታዋን ብታዩ! ጣቶቿ አሁን አዲሱን መንገድ እየለመዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የኪቦርዱን ፎቶ አንሱ። የእናንተው ፊደል ጠፍቶ ከሆነ የሌላ ሰው ላፕቶፕ ፎቶም ይሆናል። ለምን እንደምል ቆይቶ ይገባችኋል።

ስቲከሩ እስኪገዛ ድረስ ለቸኮለ ሰው ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና «ኦ»ን አንድ ላይ መጫን በቂ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይወጣል። የይለፍ ቃል እየተሳሳተ ለሚያስቸግራችሁም ይረዳል።

የሲሊኮን ሽፋንም ይሸጣል። ትንንሽ ልጆች ላሉበትና ቡና አጠገቡ ለሚጠጣበት ቤት ጥሩ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ላፕቶፖች አየር የሚያስገቡት በኪቦርዱ በኩል ስለሆነ ሊሞቁ ይችላሉ፤ ወፍራም ሽፋን ላይ ክዳኑን መዝጋትም ስክሪኑን ይጫነዋል። እኛ ቤት አልተጠቀምንበትም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነም ቁልፎቹ ብዙ ይናገራሉ። መስታወት መስለው የሚያብረቀርቁ ከሆነ ብዙ ተጽፎባቸዋል። አዲስ ስቲከር ካለ ጠርዙን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ከአውሮፓ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በጀርመን ኪቦርድ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታቸውን ተለዋውጠዋል፤ ለእኛ «የ» እና «ዘ» ማለት ነው። ይህ ብቻውን ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም። የሚጻፈውን የሚወስነው ዊንዶውሱ ላይ የተመረጠው ቋንቋ ነው፤ ቁልፉ ላይ የታተመው ፊደል ለዓይናችን ብቻ ነው።

ይህን በገዛ ቤቴ አረጋገጥኩት። ስቲከሩን እሑድ ከሰዓት ለጥፌ ጨረስኩ። ሰኞ ቢሮ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ፤ እማዬ ናት።

«ልጄ፣ ‹መዋጮ› ስል ‹ነዋጮ› እያለብኝ ነው። አሁንም ዓይኔ ነው እንዴ?»

«ኤም» እና «ኤን»ን አለዋውጬ ለጥፌያቸው ኖሯል። ማታ ነቅዬ አስተካከልኳቸው። «ኤም» ትንሽ ዘመም ብሏል፤ እማዬ ግን «አትንኪው፣ አሁን አውቄዋለሁ» አለችኝ።