የጠላቂው ክንድ አልረዘመም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር ቪዲዮ አለ። አንድ ጠላቂ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት ጓደኞቹ ክንዶቹን ይዘው ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ሰውየው በሁለት ሳምንት ጉተታ ጡንቻውን አስረዝሞ ጀርባው ላይ ያለውን የአየር ቫልቭ መድረስ ቻለ ይላል ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ። ይህን ያዩ የሆሳዕናና የሀቢቾ ወጣቶች ጂም ውስጥ እርስ በርስ መጎታተት ይዘዋል። ዝም ብሎ ማለፍ አልቻልኩም። ጡንቻ በሁለት ሳምንት አይረዝምም፤ ትከሻም በጉልበት ተጎትቶ አይከፈትም።

ጠላቂው ለምን ወደ ኋላ መድረስ እንደሚያስፈልገው ባጭሩ ልበል። ወደ ጥልቅ ውኃ ወይም ወደ ውኃ ውስጥ ዋሻ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት የአየር ሲሊንደር ያዝላል። ሁለቱ በብረት ቧንቧ የተገናኙ ናቸው፤ ከራስ ቅሉ በስተኋላም ቀኝ፣ ግራና መሐል ሦስት ቫልቮች አሏቸው። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ያ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ተሟጦ ይወጣል። በ40 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከውኃው ገጽ 5 እጥፍ ነው፤ ደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት ስላለበት ጠላቂው ተፈትልኮ ወደ ላይ ሊሮጥ አይችልም። ያለው ምርጫ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ፣ ሳያይ፣ በዳሰሳ ትክክለኛውን ቫልቭ መዝጋት ነው። ይህንንም ደጋግሞ ይለማመደዋል።

ታዲያ እጅ እዚያ የሚደርሰው በምንድን ነው? ብዙ ሰው ክንድን ብቻ ያያል። ዋናው ሠራተኛ ግን ጀርባችን ላይ በትከሻ በኩል ያለው ሰፊና ዝርግ አጥንት ነው። ይህ አጥንት ከጎድን አጥንቶች ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዘም፤ በጡንቻ ተይዞ በላያቸው ይንሸራተታል። የክንዱ አጥንት የሚሽከረከርበት ጎድጓዳም ያለው በእሱ ጫፍ ላይ ነው። ክንዳችንን ከጎናችን አንስተን ጆሯችን ድረስ ስናደርስ 180 ዲግሪ ያህል ይጓዛል። ከዚህ ውስጥ 120 ያህሉ ከራሱ ከትከሻ መገጣጠሚያ ሲመጣ፣ 60 ያህሉ የሚገኘው ዝርጉ አጥንት ዞሮ ጎድጓዳውን ወደ ላይ ሲያቀና ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን በ1934 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ቅንጅት የትከሻ ምት ብሎ ሰየመው፤ በ1944 ደግሞ ኢንማንና ባልደረቦቹ ለክተው ሁለት ለአንድ የሚለውን መጠን አወጡ። መጠኑ አማካይ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል፣ በእንቅስቃሴው መጀመሪያ ላይም ዝርጉ አጥንት ብዙ አይነቃነቅም። መሰላል በጋሪ ላይ ቢቆም፣ ጋሪው ካልተጠጋ መሰላሉ ምንም ቢረዝም ጣሪያው ላይ አይደርስም፤ ክንድም ዝርጉ አጥንት ካልዞረለት እንዲሁ ነው።

ዝርጉ አጥንት ደግሞ የሚንሸራተተው በጎድን አጥንቶች ላይ ነው፤ የጎድን አጥንቶች ቅርጽ የሚከተለው የላይኛውን ጀርባ ነው። ጀርባ ሲጎብጥ ዝርጉ አጥንት ወደ ፊት ያዘነብልና ክንድ ከመንገዱ ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል። አሁኑኑ መሞከር ይቻላል፤ ጎበጥ ብለው ክንድዎን ያንሱ፣ ከዚያ ቀና ብለው ይድገሙት። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ በዚያ ቅጽበት የረዘመ ጡንቻ ግን የለም።

በሐዲያና በከምባታ ጎንበስ ብሎ መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። እንሰት የምትፍቅ ሴት ሳንቃው ላይ ጎንበስ ብላ በቀርከሃ ወደ ታች ስትገፋ ትውላለች። ጀሪካን ወይም እንጨት በጀርባዋ ስታዝል ገመዱ ትከሻዋን ወደ ፊት ይስበዋል። ጉልበት ሞልቷታል፤ ትከሻዋ ከብዙ ስፖርተኛ ይጠነክራል። እጅ ከራስ በላይና ወደ ኋላ የሚሄድበት ሥራ ግን ጥቂት ነው፤ ሹሩባ ስትሠራ ወይም ከፍ ካለ ቆጥ ዕቃ ስታወርድ ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የጎበጠ ሁሉ ያመዋል ማለት አይደለም። በእኔ ሙያ፣ በፊዚዮቴራፒ፣ አቀማመጥ ሕመም ያመጣል ወይስ አያመጣም የሚለው ክርክር አልተቋጨም፤ ጎንበስ ብለው ኖረው አንድም ቀን ትከሻቸውን ያላመማቸው ብዙ ናቸው። እዚህ የምናገረው ስለ መድረስ ነው፣ ስለ ሕመም አይደለም።

ወደ ጡንቻው ልመለስ። ጥቂት ሳምንት የሚሳሳብ ሰው በእርግጥ ርቆ ይደርሳል። ነገር ግን ማግኑሰንና ባልደረቦቹ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሦስት ሳምንት ያሳሳቡትን እግር ሲለኩ፣ በተመሳሳይ ማዕዘን ላይ የጡንቻው ተቃውሞ አልተለወጠም። የተለወጠው ሰዎቹ የሚታገሡት መጠን ነው፤ ቀድሞ ይበቃል ይሉበት የነበረውን ቦታ አልፈው ሄዱ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠለጥነው በአብዛኛው ነርቭ ነው።

በዚህም ላይ ሙሉ ስምምነት የለም። በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታባሪና ባልደረቦቹ የድመት እግር ጡንቻ ተለጥጦ በጄሶ ሲታሰር ጡንቻው ጥቃቅን ክፍሎቹን ጫፍ ለጫፍ ጨምሮ እንደሚረዝም አሳይተዋል። ለሳምንታት ሌት ተቀን የታሰረ ድመትና ማታ ማታ ለአምስት ደቂቃ የሚሳሳብ ሰው ግን አይነጻጸሩም። ረዘም ያለ ልምምድ የጡንቻን ግትርነት በመጠኑ ይቀንሳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ክብደት ይዞ እስከ እንቅስቃሴው ጫፍ መሥራት ከመሳሳብ አይተናነስም የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቴም አዲስ በተገኘው ስፋት ላይ ጉልበትም አብሮ ስለሚሠራ ነው። ቫልቭ መዝጋት መድረስ ብቻ ሳይሆን ማሽከርከርም ይጠይቃልና።

ልምድ ያለው ጠላቂ ደግሞ ከመሳሳብ በፊት መንገዱን ያስተካክላል። ክርኑን ወደ ጎን ከፍቶ ወደ ኋላ ከላከው ትከሻው ይቆለፋል። ክርኑን በፊት በኩል አንስቶ ወደ ጆሮው ካስጠጋ በኋላ ከክርን አጥፎ እጁን ወደ ኋላ ሲያወርድ ቫልቩን ያገኘዋል። በሌላኛው እጁ የሲሊንደሩን ታች ወደ ላይ መግፋት ይችላል። ማንገቻው ላልቶ ሲሊንደሩ ዝቅ ብሎ ከሆነም ችግሩ ሰውነቱ ውስጥ አይደለም፤ ማንገቻውን ማጥበቅ ይበቃል።

ለማንኛውም ሰው የምመክረው ቀላል ነው። የተጠቀለለ ጋቢ የላይኛው ጀርባዎ ሥር አድርገው በጀርባዎ ተኝተው ሁለት እጆችዎን ወደ ራስጌ ይዘርጉ። ግድግዳ ተደግፈው ክንዶችዎን ወደ ላይ ያንሸራትቱ። በጎንዎ ተኝተው፣ ክርንዎን ከጎንዎ ሳይለቁ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ይዘው ክንድዎን ወደ ውጭ ያዙሩ። በሳምንት ውስጥ ለአንድ የጡንቻ ክፍል በድምሩ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ መሳሳብ ለውጥ ያመጣል። በሰው እጅ መጎተት አያስፈልግም።

መጎተት ፈጽሞ የማይገባው ሰውም አለ። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው 90 ዲግሪ ይጠፉትና ክንድዎን ወደ ውጭ ያዙሩ። አንዱ ወገን ከሌላው በጣም ካነሰ፣ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲያዞረውም አልሄድ ካለ፣ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት ወፍሮና ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። ሰዉ ብርድ መታኝ የሚለው ትከሻ አንዳንዴ ይኸው ነው። በ40 እና በ60 ዓመት መካከል ይበዛል፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ደጋግሞ ያጠቃል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመትም ሊቆይ ይችላል። በጉልበት ሲጎተት ሕመሙ ይብሳል። ጠላቂም ከውኃ ወጥቶ በሰዓታት ውስጥ ትከሻውን ካመመው የናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ስለሚችል ማሸትና መሳሳብ ትቶ ኦክስጅንና ሐኪም ይፈልግ።

በሀቢቾም በሆሳዕናም ላላችሁ የጂም አሠልጣኞች አንድ ልመና አለኝ። ትከሻው የማይዞርለት ሰው ሲመጣባችሁ አትጎትቱት። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ላኩት፤ የደም ስኳሩንም ያስለካ።