መወልወያችሁና ወለላችሁ ተስማምተዋል?

ትዳር የመሠረቱም ሆኑ ከጓደኛ ጋር ቤት የተከራዩ ወጣቶች ለመጋረጃው ቀለም ሳምንት ሙሉ ይከራከራሉ። ወደ ወለል መወልወያው ሲመጣ ግን ሱቅ ደጃፍ የቆመውን አንስቶ ላጥ ነው! መዘዙ የሚመጣው በኋላ ነው።

የሁለት አዲስ ተጋቢዎችን ነገር እንመልከት። ቤቱ የኪራይ፣ ወለሉ ፓርኬ ነው። ባልየው «የቤት ሥራ የሴት ብቻ አይደለም» ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ የክር መወልወያውን ባልዲ ውስጥ ይነክርና ውኃው እየተንጠባጠበ ይወለውላል። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣልና ከጥቂት ወራት በኋላ መገጣጠሚያው ተነሳ። አከራይዋ «አሳድሱልኝ» አሉ። እሷ «አንተ ነህ ያበላሸኸው»፣ እሱ «አንቺ ነሽ የገዛሽው»... ከዚያማ ኩርፊያ ሆነ! በመወልወያ ሰበብ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት የሚከተለውን ማወቅ አይከፋም።

የጥጥ ክር፦ ውኃ በብዛት ይጠጣል። ለሊሾና ለሴራሚክ፣ የፈሰሰ ነገር ለማንሳትም ይሆናል። ለፓርኬ ግን ጠላት ነው። ቶሎ ስለማይደርቅ ባልዲ ውስጥ ካደረ ይሸታል። ታጥቦና ተጨምቆ፣ ክሩ ወደ ላይ ሆኖ ፀሐይ ላይ ይቁም።

ስፖንጅ፦ ለልሙጥ ወለል ይመቻል፤ ሲጨመቅም ውኃው ይወጣለታል። በሴራሚክ መጋጠሚያ መስመሮች ውስጥ የገባውን እድፍ ግን እምብዛም አያወጣም። አንዳንዱ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራልና ሳታርሱት አትጠቀሙበት፤ ይሰበራል።

ማይክሮፋይበር፦ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊስተርና ከናይሎን የሚሠራ እጅግ ቀጭን ክር ነው። በደረቁ አቧራ ይይዛል፤ ትንሽ ረጠብ ሲል ደግሞ እድፍ ያነሳል። ለፓርኬ የሚመረጠውም ብዙ ውኃ ስለማይፈልግ ነው። በረኪናና የፈላ ውኃ ግን ክሩን ይጎዱታል፤ የልብስ ማለስለሻም ያደነዝዘዋል።

«ገንዘቡ የለንም» ለምትሉ፣ አሮጌ የጥጥ ከናቴራ አይናቅም። አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉበት። ወዲያው ከጠጣው ይሆናችኋል፤ ጠብታው ከላዩ ላይ ከተንከባለለ ግን ተውት።

ሌላው፣ የሽንት ቤቱና የሳሎኑ መወልወያ ለየብቻ ይሁን። በረኪናንም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ! የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እንግዲህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወለላችሁን እዩ። ሊሾ ከሆነ ውኃ የሚጠጣውን፣ ፓርኬ ከሆነ ጭምቅ የሚለውን ምረጡ። ዋጋው ከዚያ በኋላ ይጠየቃል። መልካም ሳምንት!